የሲኤፍ ካርድ ማስገቢያውን ሳትፈትኑ ለሰርግ ካሜራ ብር እንዳትከፍሉ

በንዴት ነው የምጽፈው፤ ትናንት የተበላሸ ካሜራ ከሸጠልኝ ሱቅ ዛሬ ተመልሼ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አይሞላም። የነቢያት ጾም ሊፈታ ነው፤ ጥር ሲገባ ሰርጉ ይደራረባል። በዚህ ሳምንት ስንት ፎቶ አንሺ ያገለገለ ካሜራ ፍለጋ ፒያሳ እንደሚወርድ ስለማውቅ ንዴቴ እስኪበርድ አልጠብቅም።

የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ቦዲዎቹ (ሌንስ የሌላቸው ካሜራዎች) በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል፣ ዋጋ የተጻፈበት ነገር የለም፣ ሻጩ ፊታችሁን አይቶ ነው የሚጠራው። “ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ዲያስፖራ ለራሱ ይዞት የነበረ፤ ሰርግ የሚባል አያውቅም” ይላል። ያልሰማው የለም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ አዲስ ቦዲ መግዛት ለአብዛኞቻችን የማይታሰብ ስለሆነ ዞረን ዞረን የምንመጣው ወደ እነሱ ነው። ይህንንም አሳምረው ያውቃሉ።

ዕቃው ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ነው፤ ከ24-70 ኤፍ 2.8 ሌንስ ጋር በ245,000 ብር። ምርጫው ስህተት አልነበረም። ካሜራው 30.4 ሜጋፒክስል ነው፣ 61 የፎከስ ነጥብ አለው፣ ከሁሉም በላይ ግን ሁለት የካርድ ማስገቢያ አለው፤ አንዱ ለሲኤፍ (ሰፋ ላለው የድሮ ዓይነት ሚሞሪ ካርድ)፣ አንዱ ለኤስዲ (ለትንሹና ለተለመደው ካርድ)። ሰርግ ለሚሠራ ሰው ይህ ሁለተኛ ማስገቢያ ከሜጋፒክስሉ ይበልጣል። ቀለበት ሲጠለቅ፣ አክሊል ሲደፋ “አንዴ ድገሙልኝ” አይባልም። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ እያንዳንዱ ፎቶ ሁለቱም ካርድ ላይ እንዲጻፍ ታደርጋላችሁ፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው አለ። የዚህ ካሜራ አንድ ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ፎቶ) ወደ 36 ሜጋባይት ይሆናል፤ 1,500 ፎቶ ለሚነሳበት ሰርግ 64 ጊጋባይት ሲኤፍና 64 ጊጋባይት ኤስዲ ይበቃል። 6ዲ ማርክ 2 በዋጋ ይቀላል፣ ማስገቢያው ግን አንድ ብቻ ነው። 5ዲ ማርክ 3 ሁለት አለው፤ ነገር ግን የኤስዲው በኩል ዘገምተኛ ስለሆነ በሁለቱም ላይ ስታስጽፉ ሙሽሮቹ ደጀ ሰላሙን እያለፉ ካሜራው “ቆዩኝ” ይላችኋል። ማርክ 4ን የሚመርጥ የሰርግ ፎቶ አንሺ ተጨማሪውን ብር የሚከፍለው ለዚህ ነው። የሸጡልኝ ደግሞ እሱ የማይሠራበትን ነው።

ሌንሱን አይቼ ጨርሼ የካርዱን በር ከፍቼ ነበር። ሲኤፍ ካርዴን ከቦርሳዬ ኪስ አውጥቻለሁ። ሻጩ ካሜራውን ከእጄ ላይ ወሰደው። መንጠቅ አይባልም፤ በፈገግታ “አምጣው ወንድሜ፣ እኔ ላሳይህ” ብሎ ነው። የካርዱን በር ወደ ራሱ አዞረ። የግራ አውራ ጣቱን ልክ ሲኤፍ ማስገቢያው አፍ ላይ አሳረፈ። በቀኝ እጁ ከመሳቢያው ኤስዲ ካርድ አወጣና ከተተ። ጣቱን ያነሳው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። ከዚያ ወደ መንገዱ አነጣጥሮ አምስት ስድስት ፎቶ አነሳ። “ይኸው፤ ሲኤፍ ካርድ ዛሬ ማን ይይዛል?” አለና ስክሪኑን አሳየኝ። የፋይሉ ቁጥር 1,900 ከምናምን ይላል። “የተነሳበት ራሱ ይኸው ነው፤ ሁለት ሺህ አልሞላም።”

ካርዴ በእጄ ነበር። “ቆይ፣ በዚህም ልየው” ለማለት ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። ካርዱን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከትናንት ማታ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ያ አውራ ጣት ነው። የት እንደሚያርፍ ያውቅ ነበር፤ እኔም ሲያርፍ አይቼዋለሁ።

ማታ ቤት ስሞክረው ካርዱ እስከ መጨረሻው አልገባም አለ። ቀስ ብዬ ስገፋው ኤረር 02 አወጣ፤ ካርዱን ማንበብ አልቻልኩም ማለት ነው። አውጥቼ የስልክ መብራት አበራሁበት። የሲኤፍ ማስገቢያ ውስጡ 50 ቀጫጭን ፒን አለው፤ ሁለቱ ወደ ጎን ተኝተዋል፣ አንዱ ጎረቤቱን ነክቷል። ይህ የሚሆነው ቀደም ሲል የያዘው ሰው ካርዱን አጣሞ ወይም ገልብጦ በጉልበት ሲገፋ ነው። እንዲህ ሆኖ ካያችሁት ደግማችሁ ካርድ አትክተቱ፤ የተነካኩ ፒኖች ካርዱንም ቦርዱንም ሊያቃጥሉ ይችላሉ። በመርፌ ለማቃናት የሚሞክሩ ጠጋኞች አሉ፤ አንዴ የታጠፈ ፒን ሲመለስ ግን በቀላሉ ይሰበራል፣ ያኔ የሚቀረው ማስገቢያውን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው። ኤስዲው ይሠራል፤ ለልደትና ለምርቃት ይበቃል። ለሥርዓተ ተክሊል ግን በአንድ ካርድ አልገባም።

የፋይል ቁጥሩ ነገር ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ይህን ማወቅ ነበረብኝ ሳይሆን አውቀው ነበር። የፋይል ቁጥር የሻተር ቁጥር አይደለም፤ ሻተር ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ ነው፣ ቁጥሩም ካሜራው በጠቅላላ ስንት ጊዜ እንዳነሳ ይናገራል። 9999 ሲደርስ ወደ 0001 ይመለሳል። ከዚያ በፊትም ማንም ሰው ሜኑ ውስጥ ገብቶ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ኒኮን የሻተሩን ቁጥር ፎቶው ውስጥ ይጽፋል፤ ይህ ካኖን ግን ፎቶው ውስጥም ሜኑው ላይም አያሳይም፣ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በሚያነብ ፕሮግራም ነው የሚታወቀው። ሳነበው 238,000 አልፏል። ፋብሪካው ለዚህ ሻተር የሰጠው ግምት 150,000 ነው። በሰርግ 1,500 ፎቶ ብላችሁ ብታስቡት ከ150 ሰርግ በላይ ሠርቷል ማለት ነው፤ ያ “ሰርግ የማያውቅ” የተባለው ካሜራ!

ግምቱን ያለፈ ሻተር ዛሬውኑ ይበጠሳል ማለት አይደለም፤ ብዙ የሚሄድ አለ። ሲደክም ግን ምልክቱ የሚታየው በፈጣን ፍጥነት ላይ ነው። 1/8000 ሴኮንድ ላይ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን ነጭ ግድግዳ አንሱ፤ የፎቶው አንዱ ዳር ከሌላው ከጠቆረ የሻተሩ መጋረጃዎች እኩል እየሄዱ አይደለም። ኤረር 20 ካወጣ ደግሞ የሜካኒክ ችግር ነው፤ ጥላችሁት ውጡ።

ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ደረስኩ። ትናንት “ወንድሜ” ሲለኝ የነበረው ሰውዬ ከስልኩ ላይ ቀና አላለም። ፒኖቹን በመብራት ሳሳየው “አንተው ነህ በጉልበት የከተትክበት” አለ። አጠገቡ ያለው ልጅ ሳቀ፤ “ፎቶ አንሺ ነኝ አላልክም እንዴ? ፎቶ አንሺ ዕቃ አይቶ አይገዛም?” ሌላው ስድብ ያልፋል፣ ይህቺ ግን ውስጤ ቀርታለች። ስንት ደንበኛ ፊት ነው ያለኝ! ደረሰኝ ስጠይቅ “ያገለገለ ዕቃ ደረሰኝ የለውም” ተባልኩ። ውሸት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ትናንት ሳልጠይቅ ወጥቼ ዛሬ በእጄ ያለው የባንክ ማስተላለፊያ ብቻ ነው፤ እሱም የገባው በሱቁ ስም ሳይሆን በማላውቀው ሰው ስም ነው። ብሩን ስልክበት ስሙን አይቻለሁ፣ ዝም ብያለሁ። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በ2016 ከፈረሱ ወዲህ ስንቱ ሱቅ ቦታ እንደቀየረ ታውቃላችሁ፤ እነዚህም ነገ እዚያው ይገኙ እንደሆነ እንጃ።

ሌንሱ ደህና ነው፤ ደህና የሆነውም እነሱ ደግ ስለሆኑ ሳይሆን በእጄ ስለፈተንኩት ነው። “24-70 ኤፍ 2.8” ብለው አሮጌውን በአዲሱ ዋጋ ይሸጣሉ። የፊቱን ክብ አንብቡ፤ የመጀመሪያው እትም ፊልተሩ 77 ሚሊሜትር ነው፣ ሁለተኛው 82። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ከኋላ በስልክ መብራት እዩት። ጥቂት ብናኝ ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ክር ካለ ሻጋታ ነው፤ የመስታወቱን ሽፋን ስለሚበላ ቢጠረግም ጠባሳው ይቀራል፣ በተለይ ከሻማና ከመስኮት ብርሃን ፊት ፎቶው ይደበዝዛል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ኤፍ 3.5-5.6 የሚል፣ ብርሃን በደንብ የማያስገባ ሌንስ እንዲያስይዟችሁም አትፍቀዱ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብዙ ጊዜ ፍላሽ አይፈቀድም፤ በኤፍ 2.8 አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 የሚበቃችሁ ቦታ በኤፍ 5.6 12800 ይጠይቃችኋል፣ የሙሽራዋ ቬሎ ጥልፍ በኖይዝ፣ ፎቶው ላይ በሚረጨው ነጠብጣብ፣ ይጠፋል።

እንግዲህ፦ የራሳችሁን ሲኤፍና ኤስዲ፣ ላፕቶፕና የዩኤስቢ ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ካርዶቹን በራሳችሁ እጅ ክተቱ፤ ከመክተታችሁ በፊት ፒኖቹን በመብራት እዩ፣ ከዚያ በሁለቱም ላይ አስጽፋችሁ ቢያንስ 50 ፎቶ አንሱ። የሻተሩን ቁጥር እዚያው ቆማችሁ አንብቡ፤ ሻጩ አይሆንም ካለ ውጡ። የቦዲውና የሌንሱ መለያ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትይዙ፣ የሂሳቡም ስም የሱቁ መሆኑን ሳታዩ ብር አትላኩ። ሲኤፍ ካርድ ከሌላችሁ ከጓደኛ ተዋሱ።