የአሳማ ምርታማነት ጥናት፦ የአንድ ቀን መጠይቅ ወይስ የየወሩ ክትትል?

እንደ ኡጋንዳዋ ማሳካ ባሉ አካባቢዎች አነስተኛ አርቢ ያለው ብዙ ጊዜ ጥቂት አሳማ ነው፤ እግራቸው በገመድ ታስሮ በስኳር ድንች ሐረግና በምግብ ትርፍራፊ ይቀለባሉ። መዝገብ የሚይዝ እምብዛም የለም።

አንዴ ሄዶ መጠየቅ ርካሽ ነው። ችግሩ ትውስታ ላይ ነው። «ስንት ወለደች?» ሲባል አርቢው የሚቆጥረው የተረፉትን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እናታቸው ተኝታባቸው የሞቱት ይዘለላሉ። ዕድሜም ወደ 6 ወይም 12 ወር ይጠጋጋል። ቀኑን ከገና ወይም ከትምህርት መክፈቻ ጋር አያይዞ መጠየቅ ስህተቱን ይቀንሳል።

በክትትል እያንዳንዱ አሳማ የጆሮ ቁጥር ይደረግለትና ጠዋት ሳይቀለብ በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዘናል። 14 ኪሎ የነበረው ከ28 ቀን በኋላ 18.2 ከሆነ፣ የቀን ጭማሪው 150 ግራም ነው። ሚዛን ከሌለ የደረቱ ዙሪያ በሜትር ተለክቶ በራሱ፣ ከዚያ በሜትር በተለካ የሰውነቱ ርዝመትና በ69.3 ይባዛል፤ ውጤቱ ግምታዊ ክብደቱ በኪሎ ነው። ቀጫጭኖቹ የአገሬው አሳማዎች ላይ ግን ቀመሩ አስቀድሞ በሚዛን ካልተፈተሸ ያሳስታል።

የክትትል ጠላቱ የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት የተባለው፣ አሳማን የሚገድል የቫይረስ በሽታ ነው። ወሬው ሲሰማ አርቢው በጥድፊያ ይሸጣል፣ ናሙናውም ይበተናል። ይባስ ብሎ ቫይረሱን ከቤት ቤት የሚያዞረው የመረጃ ሰብሳቢው ቦት ጫማ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽ ማጠብ፣ ከዚያ ፀረ ተሕዋስ ውስጥ መንከር ነው፤ ጭቃ ላይ የፈሰሰ መድኃኒት ከንቱ ነው።

ለዕድገትና ለሞት ክትትል ይሻላል። በሁለት ወሊድ መካከል ላለው ጊዜ ግን፣ እርግዝናው ብቻ 114 ቀን ገደማ ስለሚወስድ፣ የስድስት ወር ክትትል አይበቃም፤ እዚህ ላይ መጠይቁ ያዋጣል።