የፋይዳ መታወቂያችሁን በስልካቸው ፎቶ ለሚያነሱ የዱቤ ሱቆች ተጠንቀቁ

ወገኖች፣ "ያለ ቅድመ ክፍያ ፍሪጅ ውሰዱ፣ በየወሩ ትከፍላላችሁ" ለሚሉ ሱቆች እባካችሁ ተጠንቀቁ። ሁሉም አጭበርባሪ ናቸው እያልኩ አይደለም። ዕቃውን በትክክል የሚያስረክቡም አሉ። ችግሩ ያለው ከዋጋው ሳይሆን ከሚሰበስቡት መረጃ ላይ ነው።

ከአክስቴ ጋር መገናኛ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ሄደን ነበር። ሻጩ ልጅ ፋይዳዋን ተቀበለና በገዛ ስልኩ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አነሳው። ወዲያው እዚያው ፊታችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ስክሪኑን አየሁት። ከእሷ ካርድ በላይ የማናውቃቸው ሰዎች መታወቂያ፣ ፓስፖርትና የደመወዝ ደብዳቤ ተደርድሯል። "ግሩፑ ውስጥ እነማን አሉ?" ስለው "የእኛው ሠራተኞች ናቸው" አለኝ። ሥራ የለቀቁትስ ወጥተዋል? ለዚህ መልስ አልነበረውም።

ዋጋውን ጻፍልን ስንለው ደግሞ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አንስቶ ጻፈልን። ገልበጥ ሳደርገው የሌላ ደንበኛ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሆኖ አገኘሁት። የሴትዮዋ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶዋ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሱቁን አምና የተወችው ወረቀት በማያውቋት ሰዎች እጅ ገባ። በጣም ነው ያናደደኝ።

የባሰው ግን ቀጥሎ መጣ። "እናቴ፣ አሁን በስልክዎ የሚመጣውን ኮድ ይንገሩኝ፣ ለምዝገባ ነው።" እዚህ ላይ አስቆምኩት።

ይህን ኮድ ብዙ ሰው እንደ ተራ መልዕክት ነው የሚያየው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ተቋም የፋይዳ ቁጥራችሁን ሲያስገባ፣ በፋይዳ ወዳስመዘገባችሁት ስልክ ኮድ ይላካል። ኮዱን ሰጣችሁ ማለት "መረጃዬን ስጡት" ብላችሁ ፈረማችሁ ማለት ነው። ስማችሁ፣ ፎቷችሁና የትውልድ ቀናችሁ ለጠያቂው ይሄዳል። ባንኮችም ደንበኛን የሚያረጋግጡት በዚህ መንገድ ነው። ሻጩ ቁጥሩን የት እንዳስገባው ግን ከጠረጴዛው ወዲህ ሆናችሁ አታዩም። የሱቁ ፎርም ይሁን፣ በስማችሁ የሚከፈት ሒሳብ ይሁን፣ ብድር ይሁን፣ በምን ታውቃላችሁ? የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ግን ዕድሜ ልካችሁን አብሯችሁ የሚኖር ነው።

"አሠራራችን ነው" ሲሏችሁ ዝም አትበሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃችሁን የሚሰበስብ ድርጅት ለምን እንደሚፈልገው ሊነግራችሁ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ላይወስድ፣ የወሰደውንም ሊጠብቅ ይገባል። ፈቃዳችሁን ማንሳት፣ ይጥፋልኝ ብላችሁ መጠየቅም መብታችሁ ነው። አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ አቤቱታም የሚቀርበው እዚያ ነው።

በዱቤ የሚሸጥ ሰው የገዢውን ማንነት ማወቅ መፈለጉ ተገቢ ነው። ያንን ካርዱን አይቶ፣ ስሙን ውሉ ላይ ጽፎ መጨረስ ይችላል። ኮፒ የግድ ከሆነ በምስሉ ላይ አግድም "ለፍሪጅ ግዢ ውል ብቻ" ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉበት፤ ለሌላ ጉዳይ ለማዋል ይከብዳል። ግዢው ከቀረ ኮፒውን ተቀበሉና ይዛችሁ ውጡ። በሠራተኛ የግል ስልክ ፎቶ መነሳትን ግን ጭራሽ አትፍቀዱ። እኛ ልጁን ቆመን ከግሩፑ "ለሁሉም" ብሎ እንዲያጠፋው፣ ከስልኩ ጋለሪም እንዲሰርዘው አደረግን። ቀድሞ ስልኩ ላይ ያስቀረ ሰው ካለ እሱን ማስመለስ አይቻልም። ስለዚህ መከራከር የሚያዋጣው ፎቶው ከመነሳቱ በፊት እንጂ ከተነሳ በኋላ ብዙም አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፋይዳ ስታወጡ ያስመዘገባችሁትን ስልክ ትታችሁት ከሆነ ቶሎ ሄዳችሁ በአዲሱ አስቀይሩ። ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ውሎ አድሮ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ያኔ ኮዱ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው። ለእናቶቻችሁና ለአባቶቻችሁም ይህንኑ አጣሩላቸው፤ ብዙዎቹ የተመዘገቡት በልጅ ወይም በጎረቤት ስልክ ነው።