አዲስ ኮርስ ብስክሌት ላይ መጀመሪያ ምን ይቀየር? ለሰሜን ሸዋ ዳገትና ቁልቁለት የተሠራ ንጽጽር

ደብረ ብርሃን ላይ አዲስ ኮርስ ብስክሌት የገዛ ሰው ሳምንት ሳይሞላው የሚጠይቀኝ ስለ ቸርኬ ነው። «ቀላል ቸርኬ ባስገባበት ዳገቱ ላይ አያግዘኝም?» ያግዛል። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ግን እኔ መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ የፍሬን ላስቲክ፣ ከዚያ ካሴት (የኋላ ቸርኬ ላይ ያሉት ጥርሳም ማርሾች) እላለሁ። ቸርኬ የመጨረሻው ነው። ይህን የምለው የእኛን መንገድ አስቤ ነው፦ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለችው ደብረ ብርሃን ተነስቶ፣ ጣርማ በር ላይ 3,000ውን አልፎ፣ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገድ። ከወረዱ በኋላ ደግሞ መመለስ አለ።

ጎማ ወይስ ቸርኬ?

በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ ብስክሌት ይዞት የሚመጣው ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ጥንዱ ወደ 1,900 ግራም ይመዝናል። 1,500 ግራም የሚመዝን ቢገዙ 400 ግራም ቀነሰ ማለት ነው። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 85 ኪሎ ከሆኑ ይህ ግማሽ በመቶ እንኳን አይሞላም፤ አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ የሚያተርፈው 17 ሰከንድ ገደማ ነው።

ደህና ጎማ ከተራው ጋር ሲነጻጸር፣ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ሁለቱ ተደምረው 10 ዋት ገደማ ሊያድኑ ይችላሉ። ዳገት ላይ ፍጥነት ስለሚቀንስ ቁጠባውም ወደ 4 ዋት ይወርዳል። ያም ሆኖ 180 ዋት ለሚረግጥ ሰው በዚያው የአንድ ሰዓት ዳገት ከአንድ ደቂቃ በላይ ትርፍ ነው። በዋጋ በኩል ደግሞ በአንድ ጥንድ ቀላል ቸርኬ ገንዘብ ጎማውን፣ የፍሬን ላስቲኩንና ካሴቱን ቀይሮ ይተርፋል።

ንፋስ ይቀዝፋል ተብሎ የሚሸጠው ጠርዘ ሰፊ የካርቦን ቸርኬ ለእኛ ብዙም አያዋጣም። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ቸርኬው የሚያድነው ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጉዶ በረትን የጎን ንፋስ የቀመሰ ሰው ደግሞ ሰፊ ጠርዝ መሪውን እንዴት እንደሚነጥቅ ሳልነግረው ያውቃል።

የጎማውን ስፋት በተመለከተ፣ 25 እና 28 ሚሊሜትር ካላችሁ 28ቱን ውሰዱ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 25ቱን ከ85 እስከ 90 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) መንፋት አለበት፤ 28ቱን ግን ከ70 እስከ 75 ቢነፋው ይበቃዋል። ልዩነቱ የከተማው ኮብልስቶን ላይ ወዲያው በእጅና በወገብ ይታወቃል። ከመነዳሪውም በድንጋዩ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ተጨፍልቆ ሁለት ቦታ የመበሳቱ ነገር ይቀንሳል። ከመግዛታችሁ በፊት አሁን ባለው ጎማና በሹካው፣ እንዲሁም በጎማውና በፍሬኑ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ሰፊው ጎማ ከገባ በኋላ ዙሪያውን ቢያንስ 4 ሚሊሜትር መቅረት አለበት።

የትኛው ዓይነት? ከአርማኒያ በታች ቆላው ሲጀምር የግራር እሾህ አለ። ሸዋ ሮቢት ደርሼ ጎማውን በመዳፌ ቀስ ብዬ ስዳብስ፣ ጫፏ ብቻ የቀረች ጥቁር እሾህ ላስቲኩ ውስጥ ተቀብራ አግኝቻለሁ። በዚያ ቀን አልበሳችም፤ በማግስቱ ግን መብሳቷ አይቀርም ነበር። ለእሾህ የኮንቲኔንታል ጌተርስኪን ጠንካራ ነው፤ ግን ከበድ ይላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም አያያዙ ደካማ ነው። ግራንድ ፕሪ 5000 ፈጣን ነው፤ ጎኑ ግን ለድንጋይ ስስ ነው። ጣርማ በር ጭጋግ ሲወርድበት አስፋልቱ ዝናብ ሳይዘንብ እንኳን ስለሚረጥብ፣ የእኔ ምርጫ በሁለቱ መካከል ያለው የዚያው ድርጅት ፎር ሲዝን ነው። ከመነዳሪው ተራው ቡቲል (የተለመደው ጥቁር ላስቲክ) ይሁን፤ ቸርኬ ላይ በሚይዝ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ላቴክስ የተባለው ስስ ላስቲክ አይሆንም፤ ሙቀት አይችልም።

የፍሬን ላስቲክ ወይስ ሙሉ ፍሬን?

ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ። አዲሱን ብስክሌቴን ይዤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ለመጀመሪያ ጊዜ ስወርድ፣ ዋሻውን እንዳለፍኩ ካፊያ ጀመረ። ሁለቱንም ፍሬን እስከ መሪው ድረስ ጨመቅሁ፤ ቸርኬው ግን መዞሩን አላቆመም። ከፊቴ የጭነት መኪና ነበር። ያተረፈኝ የመንገዱ ዳር ጠጠር ነው። ደብረ ሲና ደርሼ አንድ ጎሚስታ ደጅ ላይ ቸርኬውን ፈታሁና ላስቲኩን አየሁት። እንደ ፕላስቲክ የደረቀ ነው፤ ከቸርኬው የተፋቀ የአሉሚኒየም ስባሪም ተሰክቶበታል። ብርማ፣ የሩዝ ፍሬ የማታክል። በመርፌ አራት አወጣሁ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሙሉ ፍሬኑን ልቀይር ይላል። አያስፈልግም። በርካሽ ብስክሌት ላይ የሚመጣው የፍሬን ክንድ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ደካማው ላስቲኩ ነው። ላስቲኩ ብቻውን ከመያዣው ተንሸራትቶ የሚወጣውን ዓይነት፣ ለምሳሌ የሺማኖ አር55ሲ4፣ አንዴ ከነመያዣው ከገዛችሁ ከዚያ በኋላ የምትቀይሩት ላስቲኩን ብቻ ነው። ለእርጥበት የኩል ስቶፕ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ላስቲክ ይሻላል። ቸርኬውንም በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጭቃና የአሉሚኒየም ዱቄት አዲሱንም ላስቲክ ያበላሻሉ።

ብስክሌታችሁ ዲስክ ፍሬን ካለው ምርጫው በሬዚን (ለስላሳ፣ ብረት ያልሆነ) እና በብረት ሸራ መካከል ነው። ብረቱ ሙቀት ይችላል፣ ቶሎም አያልቅም፤ ድምፁ ግን ይረብሻል። ዲስኩ ላይ ለሬዚን ብቻ የሚል ጽሑፍ ካለ ብረት አታስገቡበት፤ ዲስኩን ይበላዋል።

ካሴት

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ለመመለስ ጉልበት የሚያስጨርሰው ቀላል ማርሽ ማጣት ነው። ከፊት ባለ 50 እና 34 ጥርስ ማርሽ፣ ከኋላ ከ11 እስከ 28 ጥርስ ያለው ካሴት (11-28) የተገጠመለት ብስክሌት በቀላሉ ማርሽ አንድ ዙር ሲረገጥ 2.6 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 11-34 ካሴት ቢገባበት 2.1 ሜትር ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ ለሚረግጥ ሰው የመጀመሪያው በሰዓት 11፣ ሁለተኛው 9 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። 7 በመቶ ዳገት ላይ ያን 85 ኪሎ በ11 ለመግፋት 195 ዋት ገደማ ይጠይቃል፤ በ9 ወደ 160 ይወርዳል። እዚያ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ይህ ወርዶ በመግፋትና ሳይወርድ በመድረስ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጉዳቱ፣ ወደ ጫጫ ደልዳላው መንገድ ላይ በማርሾቹ መካከል ያለው ዝላይ ይሰፋል። እኔ በደስታ እቀበለዋለሁ።

ከመግዛት በፊት የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ስንት ጥርስ እንደሚችል ይታይ። ለምሳሌ የሺማኖ 105 አር7000 አጭሩ ክንድ 30፣ ረጅሙ 34 ጥርስ ድረስ ይችላል። ካቴናውም መርዘም ስላለበት አዲስ ካቴና አብሮ ይገዛ።

ቀሪው

ኮርቻ ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ከፍታውን አስተካክሉ፣ ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ግዙ፤ ከወር በኋላም ካመማችሁ ያኔ ይቀየር። የሚቆለፍ ፔዳል ከፈለጋችሁ ጫማው ሦስት ብሎን ካለው ይልቅ ሁለት ብሎን ያለውን ምረጡ፤ የባለ ሁለት ብሎኑ ማያያዣ ብረት ሶሉ ውስጥ ስለሚገባ ጎማ ቢፈነዳ በእግር ያስኬዳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ያለ የኋላ ቀይ መብራት አትግቡ፤ ይህ ከላይ ከዘረዘርኩት ሁሉ ይቀድማል።

ጎማውን አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እንዲያመጣላችሁ ከላካችሁ፣ ታጣፊውን በሉት፤ ሽቦ ካለው ይቀላል፣ ቦርሳ ውስጥም ይገባል። ጎኑ ላይ 28-622 የሚለውን ቁጥር ያንብብ፤ 28 የጎማው ስፋት፣ 622 የቸርኬው መግጠሚያ ዲያሜትር በሚሊሜትር ነው። 622 በሚለው ቦታ 584 ካለ አይገጥምላችሁም።