ኮሎምቦ፦ ጄኔራሉ ወይስ ኮሎኔሉ?

መርማሪ ፖሊሱ ኮሎምቦ ገዳዮችን ከሚያጋልጥበት የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ከኮሎምቦ፣ ገዳዩ ወታደር የሆነባቸውን ሁለት ክፍሎች ደግሜ አየኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው፣ ተዋናዩ ኤዲ አልበርት ጡረታ የወጣ የማሪን (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር) ጄኔራል ነው። የሙስና ሸሪኩን ይገድልና ሽጉጡን ለእሱ ክብር በተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ያስቀምጠዋል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ሰውዬው ግን ከሜዳሊያው በስተጀርባ ብዙም አይታየኝም።

የ1974ቱ ግን ሌላ ነው! ፓትሪክ ማክጉሃን ወታደራዊ ትምህርት ቤቱ ሴትና ወንድ አብረው የሚማሩበት ኮሌጅ እንዳይሆንበት ብሎ በመድፍ ሰው የሚገድል ኮሎኔል ነው፤ ተዋናዩ ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ነው። የሚያጋልጠው ደግሞ ካዴቶች ደብቀው የጠመቁት፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ የፖም መጠጥ ነው፤ ጎህ ሲቀድ መድፉ ጋ የቆመ ሰው ብቻ የሚያየው። ኮሎኔሉ ክፉ ነው፣ ግን ብቸኝነቱ አንጀቴን በላው። አንዱን ብቻ የምታዩ ከሆነ ይሄንን እዩ።