«በካሬ ይህን ያህል፣ ቁልፍ አስረክባለሁ» ከሚል ውል ተጠንቀቁ

ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ በተለይ መሃል ከተማ የቆየ ግቢ ያላችሁ ሰዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። «ጂ ፕላስ 2 መኖሪያ ቤት፣ በካሬ ይህን ያህል ብር፣ ቁልፍ ማስረከብ» የሚል ባለ አንድ ገጽ ውል እጃችሁ ከገባ አትፈርሙ። ዋጋው የቀነሰው ተቋራጩ ስላዘነላችሁ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ሁሉ ቆይቶ «ተጨማሪ ሥራ» ተብሎ ይመጣባችኋል።

የምጽፈው አጎቴ ላይ የደረሰውን አይቼ ነው። ጡረተኛ ናቸው። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ከወላጆቻቸው የወረሱት የጭቃ ቤት ነበራቸው። የራሳቸውን ቁጠባና ልጆቻቸው ከውጭ የላኩላቸውን ደምረው አፍርሰው ሊሠሩ ተነሡ። ተቋራጩ አንደበቱ ጣፋጭ ነው። ዝርዝር ሲጠይቁት «ጋሼ፣ እኔ እኮ ልጅዎ ነኝ። ወረቀት ምን ይሠራልዎታል? እኔ እያለሁ አያስቡ» አላቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ፈረሙ። መሠረቱ መቆፈር ሲጀምር ጣጣውም አብሮ ጀመረ።

የቆየ ግቢ ካላችሁ መጀመሪያ የምታስቡት ስለ ድሮው ሽንት ቤት ይሁን። በእነዚህ ሰፈሮች ጉድጓዱ ሲሞላ አፈር ይለብሳል፣ አጠገቡ ሌላ ይቆፈራል። ከዓመታት በኋላ የት እንደነበረ የሚያስታውሰው አንድ የሰፈር አዛውንት ብቻ ይሆናል። የአጎቴም ግቢ እንዲሁ ነበር። አንዱ ኮለን (የቤቱ ምሰሶ) የሚያርፍበት ቦታ ሲቆፈር አፈሩ እንደ ገንፎ ለሰለሰ። ተቋራጩ ሁለት ምርጫ አቀረበ። አንደኛው፣ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ተቆፍሮ በድንጋይና በአርማታ እንዲሞላ፣ ይህ ግን ተጨማሪ ክፍያ አለው። ሁለተኛው፣ ከፈረሰው ቤት የወጣውን ጭቃና ፍርስራሽ ጠቅጥቆ በላዩ መሥራት። «በዚህ ብር ይቆጥባሉ» አላቸው።

ሁለተኛውን ማንም እንዳይቀበል እለምናችኋለሁ። ከፉቲንግ (ኮለኑ ከሚያርፍበት የመሠረት እግር) ሥር የፍርስራሽ ሙሌት አይገባም። ፍርስራሹ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ሌሎቹ ኮለኖች ባሉበት ቆመው አንዱ ብቻ ሲሰምጥ ቤቱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በልስንና በቀለም መሸፈን ይቻላል፣ ማስቆም ግን አይቻልም። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ቤቱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ። አቅም ካላችሁ የአፈር ምርመራ አሠሩ። ከዚያ ውሉ ላይ «ከታሰበው ጥልቀት በላይ ቁፋሮ ካስፈለገ በሜትር ኩብ ይህን ያህል» ተብሎ ይጻፍ። ዋጋው ከሥራው በፊት ከታወቀ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆማችሁ አትደራደሩም። ዲዛይኑን የሠራው መሐንዲስም መጥቶ አይቶ ፉቲንጉን ያስተካክል። ፎርማን በግምት የሚወስነው ነገር አይደለም። መሬታችሁ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቀላል መሠረትን ያነሣል ያወርዳል።

በዚሁ ጊዜ መርሳት የሌለባችሁ የፕላን ስምምነት አለ፤ ቦታችሁ ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ ከከተማው የሚሰጥ ሰነድ ነው። ለአርክቴክት ከመክፈላችሁ በፊት አውጡት። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ መሃል ከተማውን ምን ያህል እንደቀየረው ሁላችንም አይተናል። ከፊታችሁ ያለው መንገድ በፕላኑ ምን ያህል ይሰፋል? ወንዝ አጠገብ ከሆናችሁስ ምን ያህል መራቅ አለባችሁ? ከጎረቤት የተዋሳችሁት ኮፒ ፕላን ይህን አይነግራችሁም።

ተዳፋት ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ተዳፋቱ እንዳይናድ አፈሩን የሚይዘው ደጋፊ ግንብ የቤቱ አካል ነው ወይስ አይደለም? የአጎቴ ውል ስለ እሱ አንዲት ቃል የለውም። አጥርም፣ የግቢ በርም፣ የግቢ ንጣፍም፣ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይም የሉበትም። ለተቋራጩ «ቤት» ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነበር። ደጋፊ ግንቡ በሌላ ዋጋ ተሠራ። በዚያ ላይ ከጀርባው የሚጠራቀመው ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አልተተወለትም። እንዲህ ያለ ግንብ የሚገፋው አፈር ብቻ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አፈሩ የያዘው ውሃም አብሮ ይገፋዋል። ግንቡ ላይ የውሃ ማስወጫ ቱቦ፣ ከጀርባው ደግሞ ጠጠር እንዲኖር ሥዕሉም ውሉም ላይ አስጽፉ። የመሬት ቤታችሁን ከፍታ ስትወስኑ የመንገዱን ከፍታ እዩ። መንገድ ሲታደስ ብዙ ጊዜ አስፋልቱ ከፍ ይላል። ወለላችሁ ከመንገድ ዝቅ ካለ ጎርፉም ፍሳሹም ወደ እናንተ ነው። የከተማው ፍሳሽ መስመር በደጃችሁ ካለፈ የማንሆሉን ጥልቀት አስለኩ። መታጠቢያ ቤታችሁ ከእሱ ዝቅ ካለ ፍሳሹ ያለ ፓምፕ አይወጣም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የሮቶው ነገር ሳይታሰብ ቤት መሠራቱ ይገርመኛል። ብዙ ሰው ቤቱ ካለቀ በኋላ ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ገዝቶ ሶሌታው (የአርማታው ጣሪያ) ላይ ያስወጣል። 2000 ሊትር ውሃ 2000 ኪሎ ነው። ያን ክብደት የሚሸከም ቦታ መሐንዲሱ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሮቶው ከላይኛው ፎቅ ሻወር ብዙም ከፍ ካላለ ደግሞ ውሃው ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ብቻ ነው። በፈረቃ የሚመጣው ውሃም ግፊቱ ደካማ ከሆነ ጣሪያ አይደርስም። መሬት ላይ የሚሞላ ታንከር፣ ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕና የፓምፑ መስመር ከመጀመሪያው ሥዕሉ ላይ ይግቡ። ካልገቡ የተለሰነው ግድግዳ ተመልሶ ይፈረፈራል።

አሁን ወደ ወጥ ቤት። እዚህ ላይ ልቤ በጣም ያዝናል፣ ምክንያቱም ጉዳቱ በሴቶቻችን ላይ ነው የሚያርፈው። የአጎቴ ቤት ወጥ ቤት ከመጽሔት የወጣ ይመስላል። የካቢኔው ቀለም፣ የግራናይቱ አንጸባራቂነት ልብ ይሰርቃል። እንጀራ ግን አይጋገርበትም። ጠረጴዛው እንደተለመደው 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነው። ምጣዱ ብቻውን 60 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፣ ከነጠርዙ ይበልጣል። አክምባሎውን የምታስቀምጡበት፣ ሊጡን የምታሳርፉበት፣ እንጀራውን የምታወጡበት ቦታም ያስፈልጋል። ከላይ ካቢኔ ከተገጠመ እንፋሎቱ እንጨቱን ያሳብጠዋል። አክስቴ ምጣዷን ይዛ ኮሪደር ላይ ወጣች።

የባሰው የመብራቱ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት 4 ኪሎዋት ማለት 18 አምፒር ገደማ ነው። የተለመደው ሶኬት የሚችለው 16 አምፒር ነው። የአጎቴ ቤት የወጥ ቤት ሶኬቶች ሁሉ በአንድ ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ተያይዘዋል። ምጣዱ፣ ፍሪጁና የውሃ ማፍያው በአንድ መስመር ማለት ነው። ሶኬቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጠቆረ፣ የላስቲክ ሽታም መጣ። ይህ ቤት የሚያቃጥል ነገር ነው። ምጣድ የራሱ መስመር ከቦርዱ ይሳብለት። ሽቦው ባለ 4 ወይም ባለ 6 ይሁን፣ የራሱ ብሬከር ይኑረው፣ ግራውንዱም በትክክል ይታሰር። ቦይለሩም እንዲሁ ለብቻው። ፓምፕ፣ ሁለት ቦይለርና ምጣድ በአንድ ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ ከኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ። ማን ያስገባል? ማን ይከፍላል? የአጎቴ ውል ስለ ቆጣሪም ዝም ነው።

ከቤቱ ውጭ ጣሪያ ያለው ትንሽ የማብሰያ ቦታ ተዉ። የዓውደ ዓመት ዶሮ ወጥና የሽንኩርት ቁሌት ሳሎን ውስጥ አይቻልም። ድንኳን የሚተከልበት ቦታም አስቡ። ለቅሶም ሰርግም በየቤታችን ይመጣል፣ ግቢውን በሙሉ መኪና ማቆሚያ ካደረጋችሁት እድርተኛው መንገድ ላይ ይቀመጣል። ከጎረቤት ወሰን ጋር የተጣበቀ ግድግዳ ላይ መስኮት እንደማይከፈትም አስታውሱ። በዚያ በኩል የሚወድቅ መኝታ ቤት ቀኑን ሙሉ አምፖል ይፈልጋል።

አርማታ ውስጥ ስለሚገባው ብረት፣ ስለ ፌሮ፣ ደግሞ ራሳችሁ የምታደርጉት ፈተና አለ። ባለ 12 ተብሎ የሚመጣ ፌሮ እውነት 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንዱ ፌሮ 10.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 16ቱ 19 ኪሎ ገደማ ነው። ባለ 8ቱ 4.7 ኪሎ ነው። ሚዛን አምጡና ጥቂቱን መዝኑ። ትንሽ ልዩነት ያለ ነው፣ በጣም ከቀለለ ግን መልሱት። ወደ ኮለን ከገባና አርማታ ከተሞላበት በኋላ ማንም አያየውም። ለኮለን፣ ለቢም (ኮለኖቹን ለሚያያይዘው አግዳሚ) እና ለሶሌታ የትኛው ሲሚንቶ እንደሚገባ ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። የሲሚንቶ ጥንካሬ ደረጃ የሆኑት 42.5ና 32.5 እኩል አይደሉም።

አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያን ውሃ የሚያመጣው ማን ነው? ለቦቴ የሚከፍለውስ? የአጎቴ ተቋራጭ «ውሃ የባለቤቱ ነው» አለና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የላይኛው ሶሌታ ፀሐይ ሲመታው ሰነበተ። የፀጉር መስመር የሚመስል ስንጥቅ በየቦታው ወጣበት፣ በክረምቱም አንጠባጠበ።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ። እያንዳንዱ ሥራ በመጠንና በዋጋ የተዘረዘረበት ሰነድ የውሉ አባሪ ይሁን። ዋጋው 15 በመቶ ቫትን ያካትታል ወይስ አያካትትም የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ይህ ብቻውን ትልቅ ገንዘብ ነው፣ አጎቴም መጨረሻ ላይ ነው የሰሙት። ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ ይሁን፣ የሚያጸድቀውም የተቋራጩ ጓደኛ ያልሆነ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ይሁን። ከየክፍያው 5 በመቶ ያዙ፣ ቤቱ ላይ አንድ ሙሉ ክረምት ሳያልፍም አትልቀቁት። ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለልና ደጋፊ ግንቡ የሚፈተኑት ነሐሴ ላይ ነው። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የቧንቧውንና የሽቦውን መስመር ሜትር እያስያዛችሁ በስልክ ፎቶ አንሡ። ነገ ቧንቧ ሲፈነዳ የት እንደምትፈረፍሩ ታውቃላችሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው መብትም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩን ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። በአሠራሩ ጉድለት ብቻ አይደለም፣ ቤቱ በተሠራበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚመጣ ጉዳትም ጭምር ነው። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር ቃል ውል ላይ ቢገባ ዋጋ የለውም። የአጎቴ ውል «ተቋራጩ ከርክክብ በኋላ ለ6 ወር ብቻ ኃላፊ ነው» ይላል። ተቋራጩም ያን ዓረፍተ ነገር እያሳየ ነው «ጊዜዬ አልፏል» ያላቸው። የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ስላልነበረ አምነውት ወራት አለፉ። አሁን ጠበቃ ይዘዋል።

10 ዓመቱ የሚቆጠረው ከርክክብ ቀን ነው። ስለዚህ ቁልፍ ስትቀበሉ የርክክብ ሰነድ ይዘጋጅ። ቀኑ፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ የምስክሮች ስም፣ በዕለቱ የታየው ጉድለት ሁሉ ይጻፍበት። ቤታችሁን ከተረከባችሁ ገና 10 ዓመት ያልሞላችሁና ስንጥቅ ወይም መስመጥ ያያችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ያን ወረቀት ፈልጉ። ካላገኛችሁት የመጨረሻውን ክፍያ የከፈላችሁበትን የባንክ ደረሰኝ ያዙና የሕግ ባለሙያ አማክሩ።