ባንኮኒ ላይ ያሳዩኝ ሌንስ ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም

ይህን የምጽፈው ከካሜራ ሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላኝ ነው። ሆዴ አሁንም እየተቃጠለ ነው። 95 ሺህ ብር! የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ቁጠባዬ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ስቀርጽ፣ ከሙሽሪት ቤት ከንጋት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት እግሬ ላይ ቆሜ ያጠራቀምኩት።

የሱቁን ስም አልጽፍም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ዓይነታቸውን ግን ታውቁታላችሁ። ፎቅ ላይ ያሉት፣ መስታወት ውስጥ ሌንስ ደርድረው ቴሌግራም ላይ «ከዱባይ የገባ፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ እንደ አዲስ» ብለው የሚለጥፉት። ዋጋ ስትጠይቋቸው «በውስጥ መስመር» የሚሏችሁ። ስትደውሉ ደግሞ «ና ብሮ፣ በዋጋው አንጣላም» የሚሉት።

የምኖረው በሰርግ ነው። የምወደው ግን ጥቃቅኑን ፍጥረት ማንሳት ነው። ንብ፣ ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ የእስስት ዓይን። እስካሁን ስሰራ የነበረው 50 ሚሊሜትር ሌንሴ ላይ ኤክስቴንሽን ቱቦ፣ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቀለበት፣ እየሰካሁ ነው። ቱቦ ርካሽ ነው፤ ይሰራልም። ችግሩ ሌንሱን ንቧ አፍንጫ ስር ካልወሸቅክ ፎከስ አያደርግም። ንብ ደግሞ ቆማ አትጠብቅህም። ለዚህ ነው የካኖኑን 100 ሚሊሜትር ኤል ማክሮ፣ ጥቃቅን ነገርን በቅርብ አጉልቶ የሚያነሳውን ሌንስ፣ የተመኘሁት። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የካኖን ውድ ሌንሶች ምልክት የሆነው ቀይ ቀለበት ያለው፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር የተገጠመለት። አንድ ለአንድ ያነሳል፤ ማለትም 1 ሴንቲሜትር የሆነች ነፍሳት ሴንሰሩ ላይም፣ ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል ላይ፣ 1 ሴንቲሜትር ሆና ታርፋለች። ከሴንሰሩ 30 ሴንቲሜትር ርቆ ነው ይህን የሚያደርገው። በሌንሱ ጫፍና በንቧ መካከል ከአንድ ስንዝር ያነሰ ቦታ ይቀራል። ለንብ ያ ብዙ ነው።

ከሌንሱ ጋር ሪንግ ፍላሽ፣ ማለትም ሌንሱን ዙሪያውን ከብቦ ብልጭ የሚል መብራት፣ የፈለግኩት ደግሞ ለቅንጦት አይደለም። እዚያ ድረስ ስትጠጋ ብርሃኑ ያልቅብሃል። አንድ ለአንድ ላይ ሁለት ስቶፕ ያህል ይጠፋል፤ ማለትም የሚቀርህ ሩቡ ነው። ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ደግሞ በሚሊሜትር ነው የሚለካው፤ የንቧ ዓይን ጥርት ሲል ክንፏ ደብዝዟል። ስለዚህ አፐርቸሩን፣ የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ወደ 11 ወይም ከዚያ በላይ ታጠባለህ። ያኔ ጭራሽ ጨለማ ነው። ከዚያ የሚያወጣህ እውነተኛ ፍላሽ ብቻ ነው። ብልጭታው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ በታች ስለሚቆይ የሚንቀጠቀጥ አበባንም፣ የሚርገበገብ ክንፍንም ቀጥ ያደርገዋል።

እንግዲህ ያሰብኩት ለአደይ አበባ ነበር። መስከረም ሲጠባ እንጦጦ ላይ ወጥቼ አደይ ላይ ያረፉ ንቦችን ላነሳ። አደይ እንደምታውቁት አትቆይም። መስቀል አልፎ ትንሽ ከሰነበተች ሄደች ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ቸኮልኩ። ጓደኛዬ «ቅዳሜን ጠብቀኝ፣ አብረን እንሄዳለን» ብሎኝ ነበር። እሱ ሌንስ ያውቃል። አልጠበቅኩትም። ሐሙስ ብቻዬን ሄድኩ።

ባለሱቁ ትልቅ ሰው ናቸው። ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ የአጎቴ እኩያ የሚሆኑ። «ና ልጄ፣ ቁጭ በል» ብለው ወንበር ሰጡኝ። ቡና አስመጡልኝ። ሌንሱን ራሳቸው ከመስታወቱ ውስጥ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ። ጎኑ ላይ ሦስቱ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። ቀዩ ቀለበት አለ። የራሴን ካሜራ፣ ካኖን ሲክስ ዲ፣ ይዤ ነበርና ገጠምኩት። ኮሪደሩ ላይ፣ በሩ ስር፣ ስኳር የምትጎትት ጉንዳን አየሁ። ተንበርክኬ አነሳኋት። ስክሪኑ ላይ ሳሳድጋት መንጋጋዋ ላይ ያለው ጸጉር ሳይቀር ይቆጠራል። እውነት ለመናገር ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስንት ጊዜ ያለምኩት ነገር ነው። ባለሱቁም አይተውኝ ፈገግ አሉ። ያን ጊዜ ነው ያወቁኝ መሰለኝ።

78 ሺህ ለሌንሱ፣ 17 ሺህ ለሪንግ ፍላሹ ተስማማን። ፍላሹ ካርቶኑ እንደታሸገ ነበር። ልየው ስል «ማሸጊያው ከተቀደደ ዋጋ የለውም፣ ቤትህ ክፈተው» አሉኝ። «በደረሰኝ ከሆነ ቫቱ አለ፣ ያለ ደረሰኝ ይሻልሃል ልጄ፣ ለአንተ ብዬ ነው» አሉ። 15 በመቶ አሰብኩና እሺ አልኩ። እዚህ ላይ ነው ገመዱን ራሴ አንገቴ ላይ ያጠለቅኩት።

አሁን በደንብ አንብቡኝ፤ የሆነው ሁሉ የሆነው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው።

«የጣት አሻራህ አለበት፣ ላስወልውልልህ» ብለው ሌንሱን ከእጄ ተቀበሉኝ። እጃቸው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ነበር። ለረዳታቸው «ካርቶኑን ከስቶር አምጣና አሽገው» አሉት። ልጁ ሌንሱን ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ገባ። በዚያው ቅጽበት «እስከዚያ ብሩን ላከው» አሉኝና የባንክ ቁጥራቸውን ያንዱን አሃዝ ካንዱ እየለዩ ይነግሩኝ ጀመር። ቀስ ብለው። እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ እጽፋለሁ። አንዱን ቁጥር ሆን ብለው አሳሳቱኝ፤ «አይ፣ ሰባት ነው ያልኩህ» አሉ፤ እንደገና ጀመርኩ። ብሩ ሲደርሳቸው ልጁም ከመጋረጃው ወጣ። ካርቶኑ የዚያው ሌንስ ካርቶን ነው። ዙሪያውን በቡናማ ፕላስተር ተጠቅልሏል።

ደስ አላለኝም። እውነቴን ነው፣ ውስጤ የሆነ ነገር አለኝ። «ጋሼ፣ አንዴ ከፍቼ ልየው?» አልኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አሁን በዚህ ዕድሜዬ ላታልልህ? አላመንከኝም ማለት ነው?» አሉኝ። ሱቅ ውስጥ የነበሩ ሁለት ደንበኞች ዞረው አዩኝ። ፊቴ ጋለ። ቡናቸውን ጠጥቻለሁ። ልጄ ብለውኛል። «ኧረ አምኛለሁ ጋሼ» ብዬ ካርቶኑን ብብቴ ስር ከትቼ ወጣሁ። እጄ ላይ የነበረውን ካርቶን፣ ብሩን የከፈልኩበትን ካርቶን፣ መክፈት አፈርኩ። ይሉኝታዬን አይተው ነው የሰረቁኝ።

ቤት ገብቼ ፕላስተሩን በቢላ ቀደድኩ። ሌንሱ አረፋ ባለው ላስቲክ ተጠቅልሏል። ለኤል ማክሮው ብዬ ቀድሜ የገዛሁትን፣ ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠመውን 67 ሚሊሜትር ፊልተር ላስገባበት ሞከርኩ። አልያዘም። ተንሸራቶ ወደቀ። ጎኑን አየሁ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ሁለት ነው። ስታቢላይዘር የሚባለው የለም። ቀዩ ቀለበት አለ፤ በጥፍሬ ጫፉን ነካ ሳደርገው ተላጠ። ላስቲክ ነው፣ የተለጠፈ። የሰጡኝ የድሮውን 100 ማክሮ ነው፣ ስታቢላይዘር የሌለውን፣ ፊልተሩ 58 የሆነውን። ክብደታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ካርቶኑን ስሸከም ምንም አልታወቀኝም።

በነገራችን ላይ የድሮው ሌንስ መጥፎ አይደለም። ንጹሕ ሆኖ በግማሽ ዋጋ ቢሰጡኝ አመሰግናቸው ነበር። ይሄኛው ግን ንጹሕ አይደለም። የስልኬን መብራት ከኋላው አበራሁና ከፊት አየሁ። መስታወቱ ውስጥ፣ ከጠርዙ ጀምሮ ወደ መሃል፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ቅርንጫፍ ሰርቶ ተዘርግቷል። ሻጋታ ነው። እርጥበት ባለበት ጨለማ ቦርሳ ውስጥ ክረምቱን ያሳለፈ ሌንስ ላይ የሚበቅለው። የመስታወቱን ሽፋን ይበላል። ፀሐይ ከፊት ስትመጣ ምስሉ ጭጋግ ይለብሳል። ያ የስልክ መብራት ሱቁ ውስጥም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ፍላሹን ከፈትኩ። ብልጭ አይልም። ዙሪያውን ትናንሽ ኤልኢዲ የተደረደሩበት መብራት ነው። በርቶ ይቀመጣል፣ አለቀ። የካኖን ቲቲኤል ፍላሽ፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን ከካሜራው ጋር ተነጋግሮ የሚወስነው፣ እግሩ ስር አምስት የብረት ነጥቦች አሉት፤ አንድ ትልቅና አራት ትናንሽ። ይሄ ያለው አንድ ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ የነበረች ዝንብ ላይ ሞከርኩት፤ አፐርቸር 11፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/160 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100። ጥቁር ወረቀት የመሰለ ፎቶ ነው የወጣው። አይኤስኦውን ከፍ ሳደርገው፣ ሻተሩን ሳዘገየው፣ ዝንቧ ጭስ ሆነች።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በራቸው ላይ ቆሜ ነበር። ሲያዩኝ ልጄ አላሉኝም። «ምን ነበር?» አሉኝ። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ አስረዳኋቸው። ቀና ብለው አላዩኝም፤ ጋዜጣ እያገላበጡ «ይሄንኑ ነው ያየኸው፣ ይሄንኑ ነው የወሰድከው» አሉ። የጉንዳኗን ፎቶ ከፍቼ አሳየኋቸው። ፋይሉ ላይ ሌንሱ ኤል ማክሮ መሆኑ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም ተጽፏል። ረዳታቸው አጮልቆ አየና «ብሮ፣ ኮምፒውተር ላይ የፈለግከውን መጻፍ ይቻላል» አለኝ። ካሸር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሳቀች። ማስቲካዋን እያኘከች፣ ዓይኔን እያየች ሳቀች። «ደረሰኝ አለህ?» አለችኝ። እንደሌለኝ ታውቃለች። ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል፣ በቀይ ቀለም።

ብሩ ሳይሆን ያ ሳቅ ነው ያንገበገበኝ። ትናንት ቡና ያመጣችልኝ እሷ ናት።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው እንደሆነ ይናገራል። እኔ ደግሞ በገዛ አፌ ያለ ደረሰኝ ብዬ ተስማምቻለሁ። እጄ ላይ ያለው የባንኩ ማስተላለፊያና የጉንዳኗ ፎቶ ነው። ነገ እነሱን አትሜ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። ባለሱቁ ራሳቸው «ሂድ ክሰስ» ብለውኛልና።

ማክሮ ሌንስ ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ፣ የሞከራችሁት ሌንስ ከእጃችሁ አይውጣ። እናንተው ካርቶኑ ውስጥ ክተቱት። ወይም ያለ ካርቶን ውሰዱት፣ ምን ያደርግላችኋል። የስልክ መብራት አብሩበት። ሌንሱ እስከቻለ ድረስ ተጠግታችሁ ማስመሪያ ፎቶ አንሱ፤ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ ምስሉ ከዳር እስከ ዳር 36 ሚሊሜትር፣ ክሮፕ (አነስ ያለ ሴንሰር ያለው) ላይ 22 ሚሊሜትር አካባቢ ካሳየ እውነተኛ አንድ ለአንድ ነው። ስሙ ላይ ማክሮ የሚል የተጻፈበት ዙም ሁሉ ማክሮ አይደለም። ፍላሹን ሳትከፍቱ አትክፈሉ። ደረሰኝ ተቀበሉ።

አንድ ነገር ደግሞ። ትናንት ባንኮኒው ላይ ያነሳሁት ሌንስ፣ ዋናው፣ የፎከስ ቀለበቱ ላስቲክ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነጭ ጭረት አለችው፤ ከማብሪያ ማጥፊያዎቹ በላይ በኩል። ዛሬ ጠዋት ስገባ እዚያው መስታወት ውስጥ ተመልሶ ተቀምጧል። ጭረቷን አየኋት። አውጥተው ካሳዩአችሁ፣ እሱ የሚሸጥ አይደለም።