ፉጂፊልም ኤክስ-ቲ5፦ ክብደቱና ቪውፋይንደሩ ለቆየ ፎቶ አንሺ

ዓመታት በከባድ ዲኤስኤልአር (ምስሉን በመስታወትና በፕሪዝም በሚያሳይ ካሜራ) የሠራ ሰው ትንሽ ካሜራ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያሳስበው ፒክስሉ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ይዤው ብውል ትከሻዬ ይችለዋል? ዓይኔን ሳስጠጋስ ምን ይታየኛል? እኔም መስታወት አልባውን ካሜራ ኤክስ-ቲ5ን የማየው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። ስለ ቀለሙና ስለ ቪዲዮው ብዙ ስለተባለ እዘለዋለሁ።

ባትሪና ካርድ ገብቶበት 557 ግራም ነው። የለመድኩት ኒኮን ዲ850 በዚያው ሁኔታ 1005 ግራም ይመዝናል። 170 ግራሙን 35 ሚሊሜትር ኤፍ2 ሌንስ ብትገጥሙበት እንኳ ሌንስ ካልገባበት ዲ850 በብዙ ያንሳል። ይሄ ቀልድ አይደለም። ማታ ላይ አንገትና የእጅ አንጓ ልዩነቱን በደንብ ያውቁታል፣ ደግሞም ቀለል ያለ ካሜራ ቤት አይቀርም።

ችግሩ የሚመጣው ትልቅ ሌንስ ሲገጠም ነው። 50-140 ሚሊሜትር ኤፍ2.8 ሌንስ ብቻውን ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል፣ ከካሜራው በእጥፍ ሊከብድ ምንም አልቀረውም፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ወደ ፊት ያደላል። መያዣው ጥልቀት ስለሌለው ትንሿ ጣት ማረፊያ ታጣለች፣ ግራ እጅም ሸክሙን ብቻውን ይወስዳል። እዚህ ላይ ከኤክስ-ቲ5 በግማሽ ኪሎ ገደማ የሚበልጠው ዲ850 ይበልጥ ምቹ ሆኖ ይገኛል፣ ምክንያቱም ወፍራሙ እጀታውና የራሱ ክብደት ሌንሱን ያረጋጉታል። ቀዳሚው ኤክስ-ቲ4 ከሥሩ ባትሪ የሚይዝ ተጨማሪ እጀታ ይገጠምለት ነበር፤ ኤክስ-ቲ5 ግን ይህን አይቀበልም። ካሜራውን አቁሞ ለሚያነሳ የሰርግ ወይም የስፖርት ፎቶ አንሺ ይሄ የሚያናድድ ጉድለት ነው።

ወደ ቪውፋይንደሩ፣ ዓይን አስጠግተን ወደምናይበት መስኮት ልምጣ፣ ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

መነጽር አደርጋለሁ። ዲ850 የሚያሳየው በመስታወትና በፕሪዝም የሚመጣውን ብርሃን ራሱን ነው፤ ጥርት ያለ ነው፣ መዘግየት የሚባል ነገር የለበትም። ግን ሙሉው ፍሬም የሚታየው ዓይን እስከ 17 ሚሊሜትር ድረስ ሲርቅ ብቻ ነው። ከመነጽር ጋር ይህ አይበቃም፣ ማዕዘኖቹን ለማየት ዓይንን ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ኤክስ-ቲ5 ላይ ርቀቱ 24 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ማጉላቱም 0.8 ነው። አራቱም ማዕዘን በአንድ እይታ ይገባል! ፍሬም አስተካክሎ ለሚያነሳ ሰው ይሄ ከማንኛውም ፒክስል ይበልጣል። ያነሳሁትን ፎቶም እዚያው ውስጥ ስለማየው መነጽሬን ከፍ ዝቅ ማድረግ ቀርቶልኛል።

እንከን የለሽ ግን አይደለም። ቪውፋይንደሩ ውስጥ የሚታየው ብርሃኑ ራሱ ሳይሆን 3.69 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ስክሪን ነውና ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ጥላው ድፍን ጥቁር ይሆናል፣ ዓይኔ የሚያየውን ዝርዝር እሱ አያሳየኝም። ጨለማ ሲሆን ደግሞ ምስሉ ነጠብጣብ ይበዛዋል፣ ዘግየትም ይላል። በማኑዋል በፍላሽ ስትሠሩ የኤክስፖዠር ቅድመ እይታውን (የፎቶውን ብሩህነት አስቀድሞ የሚያሳየውን) ከሜኑ አጥፉት፣ አለበለዚያ ቪውፋይንደሩ ይጨልምባችኋል። ስክሪን ባትሪ ይበላል፦ በመደበኛ ሁነታ 580 ፎቶ ገደማ ነው የተሰጠው፣ ዲ850 በአንድ ባትሪ 1840 ይደርሳል። ሁለተኛ ባትሪ ሳትይዙ አትውጡ።

ብርሃኑን ራሱን ማየት የሚወዱ ሰዎች ‹‹ስክሪን እያየሁ ፎቶ አላነሳም›› ሲሉ እረዳቸዋለሁ። እኔም በረጅም ሌንስ የሚሮጥ ነገር ስከተል አሁንም ዲ850ን ነው የማነሳው።

በትናንሽ ሌንሶች ለመንገድ፣ ለጉዞና ለሰው ፎቶ ከሆነ ግን ሳላመነታ ኤክስ-ቲ5ን እመክራለሁ። ከባድ ሌንስ የምታዘወትሩ ከሆነ የዚያው የፉጂፊልምን ኤክስ-ኤች2 እዩት። ሴንሰሩ ያው 40 ሜጋፒክስል ነው፣ እጀታው ጥልቅ ነው፣ ቪውፋይንደሩ 5.76 ሚሊዮን ነጥብ አለው፣ ክብደቱ 660 ግራም ነው። ያቺን 100 ግራም ጭማሪ እጃችሁ ይወዳታል እንጂ አያማርርባትም። ስትሞክሩት መነጽራችሁን አድርጋችሁ፣ ከባዱን ሌንሳችሁን ገጥማችሁ፣ መጀመሪያ ዳዮፕተሩን (የቪውፋይንደሩን ጥራት ከዓይን ጋር የሚያስማማውን ማስተካከያ) ለዓይናችሁ አስተካክሉ። ብዙ ሰው ያንን ሳይነካ ነው ‹‹ቪውፋይንደሩ ብዥ ይላል›› ብሎ የሚመልሰው።